ጅማት ፌሮ አይደለም

ሰሞኑን ጀርባው ላይ የአጋዘን ጅማት ስለሚለጠፍበት የእንጨት ቀስት በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። በዚህ ጉዳይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ ደስ ብሎኝ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ጸሐፊው የካሊፎርኒያን ነባር ሕዝቦች ቀስት ምሳሌ አድርገው ይነሱና እቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳሉ። ብዕራቸው ይጥማል። ምክራቸውን አምኖ ለሠራ ሰው ግን የሚተርፈው የተሰበረ ጣውላና የሚከረፋ ድስት ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። ጅማት ቀስቱን የሚያጠነክር ነገር ነው፤ አርማታ ውስጥ እንደሚገባ ፌሮ። ስለዚህ ጅማት እስካለ ድረስ የእንጨቱ ዓይነት አያሳስብም። የትኛውም ቀስት ላይ ቢለጠፍ ፍጥነት ይጨምራል። ኮላው እየፈላ ይቀባል። ሥራው በሦስት ቀን ያልቃል። ጅማት የጠፋበት ሰው በሱቅ ክርና ኤፖክሲ በሚባለው የፋብሪካ ማጣበቂያ ይተካዋል። ነባሮቹ ሕዝቦች ዘዴውን የፈጠሩት ጥሩ እንጨት ስላጡ ነው። በመጨረሻም ቀስቱ ቅርጹን እንዲይዝ አውታሩ እንደተወጠረ ይቀመጥ። በየተራ ልሂድባቸው፤ አንዳንዱ ላይ ግን ትንሽ እቆያለሁ።

ከፌሮው ልጀምር። የቀሩት ስህተቶች በሙሉ የመጡት ከሱ ነው። ፌሮ አርማታ ውስጥ የሚገባው ከአርማታው በብዙ እጥፍ ግትር ስለሆነ ነው። አርማታው ሊለጠጥ ሲል ፌሮው አልለጠጥም ብሎ ይይዘዋል። ጅማት የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ከእንጨቱ ያነሰ ግትር ነው፤ እንጨቱ በማይችለው መጠን ይለጠጣል። ሥራውም እሱ ነው።

ቀስት ሲሳብ ወደ ዒላማው የሚያየው ገጽ ይለጠጣል። ጀርባው የሚባለው ይህ ነው። ወደ ተኳሹ የሚያየው ገጽ፣ ሆዱ፣ ደግሞ ይጨመቃል። እንጨት ከርዝመቱ አንድ በመቶ አካባቢ ሲለጠጥ የመጨረሻው ዳር ላይ ደርሷል። ከዚያ ትንሽ ካለፈ ጀርባው ላይ ስንጥር ብድግ ይላል፣ ቀጥሎ ቋ! ደረቅ ጅማት ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ተለጥጦ ሳይበጠስ ወደ ቦታው ይመለሳል። የቀስቱ የውጭ ገጽ ጅማት ሲሆን፣ ብዙ መለጠጥ ያለበትን ቦታ ጅማቱ ይረከባል፤ እንጨቱ ደግሞ ወደ መጨመቁ ሥራ ያደላል። እንጨቱ አንዲት ነጥብ አልጠነከረም። የሚጎዳው ቦታ ላይ ሌላ ነገር ገባለት እንጂ።

ለዚህ ማስረጃው እዚያው ጽሑፋቸው ውስጥ ስሙ ተጠርቶ ታልፏል፤ ኢሺ። ለማያውቀው አንባቢ፣ ኢሺ ከያሂ ሕዝብ የተረፈ የመጨረሻው ሰው ነበር። ወገኖቹን ከካሊፎርኒያ የወርቅ ዘመን ወዲህ ሰፋሪዎች ጨፍጭፈው ጨረሷቸው። እሱ ተደብቆ ኖሮ በነሐሴ 1911 እ.ኤ.አ. ኦሮቪል ከተማ ዳር ብቻውን ተገኘ። ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ኖሮ በመጋቢት 1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ሳክስተን ፖፕ የሚባል የዩኒቨርሲቲው ሐኪም ወዳጁ ሆኖ ቀስት መሥራትንና በቀስት ማደንን ከእሱ ተማረ፤ ያየውንም በልክ በልኩ መዝግቦ አስቀረልን።

ፖፕ እንደለካው የኢሺ ቀስት ርዝመቱ 107 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከተራራ ጥድ የተጠረበ፣ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ጅማት የለበሰ። እስከ 65 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሳባል፤ ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት ወደ 20 ኪሎ ነው። አሁን ይህን ከተለመደው የእንጨት ቀስት ጋር አስተያዩት። ያለ ጅማት ቀስት የሚሠሩ ሰዎች ቀስቱ ከሚሳብበት ርቀት ቢያንስ እጥፍ እንዲረዝም ያደርጋሉ። 65 የሚሳብ ቀስት 130 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል ማለት ነው፤ ጠንቃቃው ደግሞ ከዚያም ያስረዝመዋል። ኢሺ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ አሳጥሮታል። ይህን ያስቻለው ጅማቱ ነው። ጅማት አጭር ቀስት በጣም እንዲታጠፍ ይፈቅዳል። ፌሮ እንዲህ ዓይነት ነገር አይፈቅድም፤ ፌሮ የሚገባው ነገሩ እንዳይታጠፍ ነው።

እንጨቱ አያሳስብም የሚለውም እዚሁ ላይ ይወድቃል። ጅማት የሚጠብቀው ጀርባውን ነው። ለሆዱ ምንም አይፈይድለትም፤ እንዲያውም ጫናውን ያከብድበታል። ቀስቱ አጥሮ የበለጠ በታጠፈ ቁጥር ሆዱ የበለጠ ይጨመቃል። ጸሐፊው የመከሩት የግንባታ ጣውላ ላይ ሆዱ በኩል አግድም ቀጫጭን ሽብሽብ መስመሮች ብቅ ይላሉ። ጥፍር ሲያልፍባቸው ይያዛሉ። እነሱ ከታዩ እንጨቱ ተጨፍልቋል፤ ጅማት ብትደራርቡበት አይመለስም። የአሜሪካው ተራራ ጥድ የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ከእኛው የሐበሻ ጥድ ጋር የአንድ ወገን ዛፍ ነው። መጨመቅን በደንብ ይችላል፣ ሲለጠጥ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ከጅማት ጋር የሚሰምረውም ለዚህ ነው፤ የጎደለውን ጅማቱ ይሞላለታል፣ ጅማቱ የማይችለውን እሱ ይችላል። ሲጠረብ ደግሞ ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለበት መሆን አለበት። ጅማት ጉጥን ይደብቃል፣ አያድንም።

ፍጥነቱን በተመለከተ ረጅም ክርክር አያስፈልግም። ጅማት ከአብዛኛው እንጨት ይከብዳል። ሰው የሚያህል ረጅም ቀስት ሳይጨነቅ የሚታጠፍ ከሆነ፣ ላዩ ላይ ጅማት መለጠፍ ክንዱን ማክበድ ነው፤ በተለይ ጫፎቹ አካባቢ። ፍላጻውን ሊገፋ የነበረው ጉልበት የራሱን ክንድ ሲጎትት ያልቃል። ጸሐፊው ለመከራከሪያ ያመጡት የቱርኮች ቀስት ደግሞ ሌላ ዕቃ ነው። እሱ ሆዱ ላይ ቀንድ፣ መሐሉ ላይ የሜፕል እንጨት፣ ጀርባው ላይ ጅማት ያለው የሦስት ነገር ውጤት ነው። መጨመቁን እንጨት ሳይሆን ቀንድ ነው የሚሸከመው። የእሱን ውጤት ወስዶ ለጣውላና ለጅማት መስጠት ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ድስቱ።

እዚህ ላይ ነው ጽሑፉ ጉዳት የሚያደርሰው፤ ምክንያቱም አንባቢ ቃል በቃል የሚከተለው የአሠራሩን ክፍል ነው። ኮላው እየፈላ ይቀባ፣ ጅማቱም እዚያው ተነክሮ ይውጣ ይላሉ። እስቲ አንድ የጅማት ክር ውሰዱና የፈላ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ዓይናችሁ እያየ ይጠመዘዛል፣ ያጥራል፣ ይወፍራል፣ ላስቲክ ይሆናል። ቅቅል የሚወድ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቋንጃው ጥርስ የሚፈትን ሆኖ ገብቶ ልፍስፍስ ብሎ ይወጣል። ለምሳ መልካም ነው። ለቀስት ግን ያ ክር ሞቷል። እርጥብ ጅማት ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አለፍ ሲል ይኮማተራል፤ አንዴ ከተኮማተረም አይመለስም።

ኮላውም ቢሆን መፍላት አይወድም። የቆዳ ኮላ ከቆዳ፣ ከጅማት ቁርጥራጭ፣ ከዓሣ ቆዳም ይወጣል። ኢሺ የሚጠቀመው ከሳልሞን ዓሣ ቆዳ የወጣውን ነበር። ደረቁ ኮላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ካበጠ በኋላ ድስት በድስት ውስጥ ተደርጎ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ከ60 ዲግሪ ብዙም ባያልፍ ነው። ሲንተከተክ የዋለ ኮላ የመያዝ ጉልበቱ ይከዳዋል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ተገላገለ። የሌለው ጣቱን ይጠይቅ፤ ጣት ገብቶ መቆየት ካልቻለ ጅማትም አይገባም።

ጅማቱን ስለማዘጋጀት ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፉት። ግማሹ ሥራ ግን እዚያ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የኋላ እግር ቋንጃ ነው፤ ሌላው ጀርባ ላይ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚዘረጋው። የጀርባው ረጅም ነው፣ ለመፈልቀቅም ይቀላል። የቋንጃው አጭር ግን ብዙ ነው። የአጋዘን ካልተገኘ የበሬ ይሠራል። በሰሜን አሜሪካ የሜዳው አገር ሰዎች የጎሽ ይጠቀሙ ነበር፤ ስለዚህ ሥጋ ቤት ሄዶ ቋንጃ መጠየቅ አያሳፍርም። የበገና አውታርም ያው ጅማት ስለሆነ ያገለግላል የሚለው ግን መታረም አለበት። እሱ ከበግ አንጀት የተገመደ ነው። ተፈልቅቆ ቀጥ ያለ ክር አይሰጥም።

ቋንጃው ከሥጋና ከስብ ጸድቶ ጥላ ላይ ይደርቃል። ሲደርቅ ወርቃማ ቢጫ ይሆናል፣ ብርሃን ያስተላልፋል፣ ወለል ላይ ሲጥሉት ኳ ይላል። ከዚያ ለስላሳ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በእንጨት መዶሻ መምታት ነው። ብረት ክሩን ይቆርጠዋል። መጀመሪያ ምንም የማይሆን ይመስላል። ቆይቶ የላይኛው ሽፋን ይረግፋል፣ ቢጫው እየነጣ ይሄዳል፣ ጫፉ ይበተናል። ያኔ ጫፉን በሁለት እጅ ይዞ መሰንጠቅ፣ የተሰነጠቀውን እንደገና መሰንጠቅ። ወደ ስፌት ክር ውፍረት ሲደርስ ይበቃል። ከዚያ በርዝመቱ ለይቶ በትንንሽ እስር ማስቀመጥ። ኢሺ በአፉ እያኘከ ነበር የሚያለሰልሰው፤ ለብ ያለ ውሃም ይህን ያደርጋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ጋ ይለያል።

የእንጨቱ ጀርባም ዝም ብሎ አይቀባም። ጅማቱ የሚይዝበት እንዲያገኝ በሞረድ ወይም በመጋዝ ጥርስ ጭረት ጭረት ይደረጋል። የእጅ ወዝ እንዳይቀርበት በአመድ ውሃ ይታጠባል፤ ካጠቡት በኋላ በጣት መንካት የለም። ቀጥሎ ቀጠን ያለ ኮላ ተቀብቶ እንዲጠጣ ይተዋል። ከዚያ ነው እስሩ ኮላ ውስጥ የሚገባው። ሲወጣ በሁለት ጣት መሐል ተጎትቶ ትርፍ ኮላው ይጨመቅና፣ ከመያዣው ጀምሮ ወደ ጫፍ በርዝመቱ ተዘርግቶ በአውራ ጣት ይተኛል። ጎን ለጎን ያሉ እስሮች መጋጠሚያቸው አንድ መስመር ላይ እንዳይውል። ጫፎቹ ጋ ደግሞ አውታሩ የሚገባበትን ቦታ አልፎ ወደ ሆዱ ይጠቀለላል፤ ብዙ ጊዜ ተላቆ የሚነሳው እዚያ ነውና።

እንግዲህ ሦስት ቀን። ጸሐፊው በሦስተኛው ቀን ሲነኩት ደረቅ ነበር ይላሉ። አዎ፣ ላዩ ደረቅ ነው። ኮላው ግን ውሃ ነበረበት፤ ያ ውሃ የሄደው ወደ አየር ብቻ አይደለም፣ እንጨቱም ጠጥቶታል። የረጠበ እንጨት ሲሳብ ይታጠፍና ታጥፎ ይቀራል። አንድ ድርብ ከተለጠፈ በኋላ ሌላው እስኪደገም ቀናት ያስፈልጋሉ። የመጨረሻው ካለቀ በኋላ ደግሞ ሳምንታት፤ እርጥበታም አገር ከሆነ ወራት። ይህ ጊዜ በከንቱ የሚያልፍ አይደለም። ጅማትና ኮላ ሲደርቁ ይኮማተራሉ፣ እየተኮማተሩም ቀስቱን ወደ ጀርባው በኩል ይጎትቱታል። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ቀስት በሳምንታት ውስጥ ወደ ፊት ጎበጥ ብሎ ይገኛል። ማንም ሰው ሳይስበው ተወጥሯል። አውታር ሲገባለት ያንን ሁሉ መልሶ መጣ ማለት ነው፤ የቀስቱ ኃይል አንዱ ምንጭ ይህ ነው። በሦስት ቀን የጨረሰ ሰው ይህን ጥሎ ነው የወጣው።

ክርና ኤፖክሲ ይተካዋል የሚለውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሱቅ ውስጥ የጅማት ስም ለጥፈው የሚሸጡት ክር በሰም የታሸ ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው። ለማሰር ግሩም ነው። ጀርባ ላይ ግን ሰሙ ኮላ አያስይዝም፣ ክሩም ሲደርቅ አይኮማተርም። ኤፖክሲ በበኩሉ ከእርጥብ ጅማት ጋር አይስማማም። ኮላ አልፈልግም ለሚል ሰው የአርክቲክ ሰዎች ሌላ መንገድ ነበራቸው። ኢኑይቶች ከጅማት የተጎነጎነ ገመድ በቀስቱ ጀርባ ከጫፍ ጫፍ ዘርግተው፣ አጥብቀው ጠምዝዘው፣ በቋጠሮ ያስሩት ነበር። ያለ ምንም ኮላ። ባሕር ከሚያመጣው ግንድ የተሠራ እንጨት ይዘው፣ ኮላ በማይደርቅበት ብርድና እርጥበት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። መፍትሔው ለአገሩ ልክ ነው።

ኢኑይቶች ላይ እንጨት ማጣት እውነት ነው። ጸሐፊው ግን ይህን ለካሊፎርኒያም ለሁሉም ሰጡት፤ እሱ አያስኬድም። በሰሜን ምዕራብ ካሊፎርኒያ ያሉት ዩሮኮች፣ ሁፓዎችና ካሩኮች ቀስታቸውን ይሠሩ የነበረው ዩው ከሚባለው ዛፍ ነው። የዚሁ ዛፍ የአውሮፓ ዘመድ እንግሊዞች ያለ አንዳች ጅማት ረጅም ቀስታቸውን የሠሩበት፣ በዓለም ከታወቁት የቀስት እንጨቶች አንዱ ነው። እነዚህ ሕዝቦች ምርጡን እንጨት ይዘው ነው ጅማት የለጠፉት። የፈለጉት አጭር ቀስት ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጦ አጋዘን ለሚጠብቅ ሰው ረጅም ቀስት ጣጣ ነው። በሜዳው አገር ደግሞ ፈረስ ላይ ሆኖ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ማዞር አለ።

የእንጨት ችግር ባለበት ደረቅ አገር እንኳን ያደረጉትን ብታዩ ያገኙትን ቆርጠው የሚሄዱ ሰዎች አይመስሏችሁም። በኔቫዳና በምሥራቅ ካሊፎርኒያ ዛሬም የቆሙ ጥዶች ላይ የቀስት ልክ ጠባሳ ይታያል። ቀጥ ያለ ጭረት ያለውን ግንድ መርጠው፣ ከላይና ከታች ይቆርጡና እንጨቱን እዚያው ዛፉ ላይ እንዲደርቅ ይተዉት ነበር። ሲደርቅ ይፈለቀቃል። ዛፉ አይሞትም። ቁስሉ ድኖ አዲስ ቀጥ ያለ እንጨት ሲያበቅል ከዚያው ዛፍ እንደገና ይወሰዳል። አንድ ዛፍ ላይ ከአንድ በላይ ጠባሳ የሚገኘው ለዚህ ነው። ዛፉ ወደ ቀድሞው እስኪመለስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ የመጀመሪያውን የወሰደው ሰው ሁለተኛውን አይደርስበት ይሆናል። ጸሐፊው ኋላ ቀር ብለው የዘለሉት ይህን ነው።

ስለ ዝናብ የጻፉት ግን ትክክል ነው። ጅማትም ኮላም እርጥበት ይጠጣሉ፣ ሲጠጡም ቀስቱ ይለሰልሳል። አዲስ አበባ ላይ የሠራ ሰው ሐምሌ ላይ የጥርን ጉልበት ባይጠብቅ ይሻለዋል። ለዚህም ሲባል ስብ ይቀባል፣ አንዳንዶቹም የእባብ ቆዳ ያለብሱታል። እርጥበቱን ያዘገያል፣ ጨርሶ አይከለክልም።

የቀረው የመጨረሻው ምክራቸው ነው፤ አውታሩ እንደተወጠረ ይቀመጥ የሚለው። ኢሺ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር መገመት አያቅትም። ሥራ ላይ ያልሆነ ቀስት አውታሩ ይፈታል፣ ተጋድሞም ይቀመጣል፤ እሱ አቁሞ እንኳን አይተወውም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጅማቱ በሳምንታት ወደ ፊት የጎተተውን ቀስት አውታሩ ሌት ተቀን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሆዱም ያለ ዕረፍት ይጨመቃል። ቅርጹን ይይዛል ማለታቸው ውሸት አይደለም፤ የሚይዘው የተወጠረበትን ቅርጽ ነው፣ ማለትም የማይፈለገውን።

ጽሑፋቸውን የቋጩት በመጪው ቅዳሜ ቀስቱን እስከ ጆሯቸው ስበው እንደሚሞክሩት በመናገር ነው። እባክዎ ይቆዩ። አውታሩን ይፍቱት፣ ጥላ ያለበት ደረቅ ቦታ ያጋድሙትና አንድ ሁለት ወር ይርሱት። ከዚያ መጀመሪያ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ይሳቡ፣ ሆዱን በጣትዎ ይዳብሱ። ሽብሽብ ከሌለ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። ጆሮዎን ደግሞ ይተዉት፤ አጭር ቀስት እስከ ደረት ነው የሚሳበው።